ክራር ከበገና አልተወለደም፤ ከዘማች ጋርም ጅማ አልገባም

ስለ ክራር አመጣጥና እድገት የተጻፈ አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን በጅማ የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ እየተዘዋወረ ይነበባል። ክራር የሚማሩ ወጣቶችም እንደ ማስረጃ ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። ጸሐፊው ለመሣሪያው ያላቸው ፍቅር ከየመስመሩ ይታያል፤ ስለዚህ ይህን ምላሽ የምጽፈው በአክብሮት ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በእርግጠኝነት ከሚናገራቸው ነገሮች አብዛኞቹ ወይ ከታወቀው ታሪክ ጋር ይጋጫሉ፣ ወይ ደግሞ መሣሪያውን እጁ ላይ ይዞ ለሚያየው ሰው ራሱ መሣሪያው ያፈርሳቸዋል።

የጽሑፉ ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ክራር ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ይዞት ከመጣው ከንጉሥ ዳዊት በገና አንሶና ቀልሎ የተወለደ ነው፤ የጥንት ግብፃውያን መሣሪያውን የተማሩት ዓባይን ተከትሎ ከወረደው ከእኛ ክራር ነው፤ ክሮቹ ከጥንት ጀምሮ አምስት ብቻ ነበሩ፤ አራቱን ቅኝቶች የሠራለት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ማሲንቆ የክራር ልጅ ነው፤ ወደ ጅማ የገባው ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ስለሆነ እዚህ እንግዳ ነው፤ የናይሎን ክር የተወጠረለትና ወደ ድምፅ ማጉያ የተሰካው የዛሬው ክራር ደግሞ ክራር ሊባል አይገባውም። እያንዳንዱን ነጥብ አነሣለሁ፤ የምቆይባቸው ግን ሁሉም ላይ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚመለስ ነውና።

ከበገናው ልጀምር። ሁለት ምሰሶ፣ ምሰሶዎቹን ከላይ የሚያገናኝ ቀንበር፣ ከታች ድምፁን የሚያጎላ ገበቴ፣ ከቀንበሩ ተነሥተው በገበቴው ፊት ላይ የሚወርዱ ክሮች ያሉትን መሣሪያ ሁሉ በዚህ ጽሑፍ የክራር ወገን እለዋለሁ። ይህ ወገን ከንጉሥ ዳዊት ዘመን እጅግ ይቀድማል። በደቡብ ኢራቅ በምትገኘው በጥንታዊቷ ዑር ከተማ እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ዉሊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ቁፋሮ ከነገሥታቱ መቃብር ያወጣቸው፣ በወርቅና በከበረ ድንጋይ በተሠራ የበሬ ራስ ያጌጡት መሣሪያዎች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ገደማ የተሠሩ ናቸው። ንጉሥ ዳዊት የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 አካባቢ ስለሆነ፣ በመካከሉ ወደ 1,500 ዓመት ያህል አለ። እንግዲህ የዳዊት በገና የዚህ ወገን መነሻ ሊሆን አይችልም፤ እሱ ራሱ ከአሮጌ ዘር የመጣ ነው።

ጸሐፊው «በገና ሲያንስ ክራር ሆነ» ማለታቸው ግን ከዘመን ቆጠራው የባሰ ችግር አለበት። በገና ሲያንስ የሚሆነው ትንሽ በገና ነው። የበገና ገበቴ ማዕዘን ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉ አሥር አውታሮች አሉት፤ የሚደረደረውም በአብዛኛው በጣት እንጂ በመግረፊያ (ክር በሚመታበት ትንሽ ቁራጭ) አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በእንጨቱ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲነካ ያንን ቆዳ እየነዘረ ደጋግሞ ስለሚነካው፣ በዐቢይ ጾም የምንሰማው ያ ወፍራምና የሚነዝር ድምፅ ይወጣል። እንዚራው ካልተስተካከለ በገናው ድምፅ አለው እንጂ የበገና ድምፅ የለውም፤ ደርዳሪዎችም አውታር ከመቃኘት ያላነሰ ትዕግሥት የሚያጠፉት እሱን በማስተካከል ነው። ክራር ግን ጎድጓዳ ገበቴ አለው፤ ፊቱ በተወጠረ ቆዳ ተሸፍኗል፤ ምሰሶዎቹ ቆዳውን በስተው ይገባሉ፤ እንዚራ የሚባል ነገር አያውቅም። አመታቱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድም እንደ በገና ክር በክር በጣት ይነካል፣ አንድም በቀኝ እጅ መግረፊያ ይዞ ክሮቹን ሁሉ እየገረፉ በግራ እጅ ጣቶች እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ከኋላ ማፈን ነው። ይህ ሁለተኛው አመታት በበገና ዘንድ የተለመደ አይደለም። በገና ክራርን ወልዶ ቢሆን ኖሮ ከእንዚራው ወይም ከሣጥኑ አንድ ምልክት በልጁ ላይ መገኘቱ ይጠበቅ ነበር።

ሣጥንና ጎድጓዳ ገበቴ ጎን ለጎን መኖራቸውም የእኛ ብቻ አይደለም። የጥንት ግሪኮች በአንድ ዘመን ሁለቱንም ይዘው ነበር፤ ባለሙያዎች በአደባባይ የሚጫወቱት ኪታራ የእንጨት ሣጥን ነበረው፤ ሕፃናት የሚማሩበትና በግብዣ ላይ የሚነካው ሊራ ደግሞ ከኤሊ ቅርፊት የተሠራና በቆዳ የተሸፈነ ነበር። ሆርንቦስቴልና ዛክስ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት፣ እስከ ዛሬ በሚሠራበት የሙዚቃ መሣሪያዎች አመዳደብ፣ የክራርን ወገን የከፈሉት በዚሁ ልዩነት ነው፤ ክራርና በገና በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ይገኛሉ። ወንድማማች ናቸው ቢባል እቀበላለሁ፤ አባትና ልጅ ናቸው ለማለት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው አሥሩን አውታር ለዳዊት በገናነት ዋቢ አድርገዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሥሩ አውታር የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያንን ትርጓሜ የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። ለመሣሪያ ታሪክ ግን ሌላ ምስክር አለ። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፈስ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ ዳዊት ዘመን መሣሪያዎች ሲጽፍ፣ ባለ አሥር ክሩ በመግረፊያ እንደሚመታ፣ በጣት የሚነካው ደግሞ ባለ አሥራ ሁለት እንደሆነ ይናገራል። የእኛ በገና የክሩ ቁጥር ከአንደኛው፣ አመታቱ ከሌላኛው ጋር ነው የሚገጥመው። የበገና ጥንታዊነት በአገር ውስጥ በራሱ ማስረጃ ይቆማል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የመዝሙረ ዳዊት ብራናዎች ላይ ንጉሡ በገና ሲደረድር ተሥሏል። ሠዓሊው የሣለው ኢየሩሳሌም ሄዶ ያየውን ሳይሆን በአገሩ የሚያውቀውን መሣሪያ ስለሆነ፣ ሥዕሉ በገና በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የታወቀ እንደነበረ ያስረዳል። ከዚያ አልፎ ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ጓዝ ሊወስደን ግን አይችልም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ማኅበረሰባችን ራሱ ሁለቱን ለያይቶ ነው የኖረው፤ በገና ለምስጋና፣ ክራር ለዘፈን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያው በሕዝቡ ዘንድ የሰይጣን መሣሪያ እስከመባል ደርሶ እንደነበር ጽፈዋል። ይህ ስም ለክራር ፍትሐዊ አይደለም፤ ነገር ግን የተቀደሰው በገና ልጅ ተደርጎ ቢታሰብ ኖሮ እንዲህ ዓይነት ስም ባልወጣለት ነበር።

ወደ ግብፅ እንሂድ። ጸሐፊው «ዓባይ ውኃ ብቻ አይደለም ይዞ የወረደው» ሲሉ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ጽፈዋል፤ ታሪኩ ግን በተቃራኒው ነው የሚጀምረው። በግብፅ ምድር የክራር ወገን መሣሪያ ተሥሎ ከሚታይባቸው ሥዕሎች ሁሉ ቀደምት የሆነው በቤኒ ሐሰን፣ በሹሙ በኽኑምሆተፕ መቃብር ግድግዳ ላይ ያለው ነው። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1900 አካባቢ ነው። በሥዕሉ ላይ ቀለማም ልብስ የለበሱ፣ አህያ የሚነዱ የምሥራቅ እንግዶች ወደ ግብፅ ሲገቡ ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ መሣሪያውን አንግቦ እየመታ ይሄዳል። የያዙት እነሱ እንጂ ግብፃውያኑ አይደሉም፤ የመጡትም ከሲና ማዶ እንጂ ከዓባይ ላይኛው ተፋሰስ አይደለም። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ አዲሱ መንግሥት በሚባለው የፈርዖኖች ዘመን፣ መሣሪያው በግብፅ ግብዣዎች ሥዕል ላይ የተለመደ ይሆናል። ስለዚህ ግብፅ የተቀበለችው ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው።

ይህን ስል ግን ከዓባይ ወደ ሰሜን ምንም አልወረደም ማለቴ አይደለም፤ ጸሐፊው አንድ እውነት ነክተው ዘመኑን በብዙ ሺህ ዓመት አስቀድመውታል። ከሱዳንና ከኑቢያ የሚነሣው ጎድጓዳ ገበቴ ያለው መሣሪያ፣ ኪሲር ወይም ታንቡራ የሚባለው፣ በኋለኞቹ ዘመናት በእርግጥ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ተጉዟል። በናፖሊዮን ዘመቻ ጊዜ ግብፅ የነበረው ፈረንሳዊው ቪዮቶ በካይሮ የኑቢያዎችን መሣሪያ አይቶ በዝርዝር መዝግቦታል። በስዊዝና በፖርት ሰዒድ የወደብ ከተሞች ዛሬ የሕዝብ መሣሪያ የሆነው ሲምሲሚያም የዚህ ወገን ነው፤ ከስዊዝ ቦይ ጋር በተያያዘው ሕይወት፣ ማለትም በሠራተኞቹና በዓሣ አጥማጆቹ መካከል ሥር ሰድዷል። ቦዩ የተቆፈረው እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1869 መሆኑን ልብ ይሏል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዛር ሥርዓት ላይ የሚመታው ታንቡራ ደግሞ ወደዚያ የደረሰው በአብዛኛው በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን ጋር ነው። ጸሐፊው የክራር ወገን ከእኛ አካባቢ ወደ ውጭ የሄደበትን ጉዞ ለመጻፍ ከፈለጉ ይህ መንገድ ክፍት ነበር፤ ከፈርዖኖች ዘመን ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ፣ የሚያሳዝንም ታሪክ አለበት።

የአምስቱ ክር ጉዳይ። ጽሑፉ «አምስት ድምፅ ስላለን አምስት ክር አለን፤ ስድስተኛው የባዕድ ጭማሪ ነው» ይላል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከ1769 እስከ 1771 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ቆይቶ ሲመለስ ስለ አገሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጽፎለት፣ በርኒም በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ አውጥቶታል። ብሩስ እንደሚለው ያየው መሣሪያ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰባት ክር ነበረው። ባዕድ ጨመረው የተባለው ስድስተኛው ክር ከ250 ዓመት በፊት እዚሁ ነበረ ማለት ነው፤ ሰባተኛውም አብሮት።

የክር ቁጥርና የቅኝት ድምፅ ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው የሚለው ሐሳብም ራሱ ስሕተት ነው። ዛሬ በተለመደው ባለ ስድስት ክር ክራር ስድስተኛው ክር አዲስ ድምፅ አያመጣም፤ ከአምስቱ አንዱን በኦክታቭ፣ ማለትም ከፍ ወይም ዝቅ ባለ አቻው፣ ይደግማል። ጥቅሙም ዜማው ከአምስቱ ድምፆች ጫፍ ሲደርስ እንዲሻገር መንገድ መስጠቱ ነው። ባለ አምስት ክሩን የሚጫወት ሰው በዚያ ቦታ ላይ ዜማውን አጥፎ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ውበት ያለው አጨዋወት ስለሆነ ባለ አምስቱን የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ለዘለሰኛ አመታት እሱን እመርጣለሁ። ምርጫ ነው እንጂ ንጽሕና አይደለም። በኬንያ የሉኦ ሕዝብ ኒያቲቲ ስምንት ክር አለው፤ የሉያ ሕዝብ ሊቱንጉ ሰባት፤ እነሱንም ማንም ባዕድ ነገር ጨመራችሁ አላላቸውም።

ቅዱስ ያሬድን በተመለከተ አጭር ልሁን። ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም የነበረ የዜማ አባት ነው። የእሱ የዜማ ስልቶች ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ማኅሌቱም የሚቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው፤ ክራር በዚያ ቦታ የለውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የዓለማዊው ዘፈን ቅኝቶች ናቸው። ሦስቱን ከአራቱ ጋር በግድ ለማዛመድ ጸሐፊው «አራተኛው ኋላ የተገለጠ ነው» ማለታቸው ለክርክራቸው ደግ አይሆንም፤ ምክንያቱም አራት የሚለው ቁጥር ራሱ ጠንካራ አይደለም። ትዝታ ሜጀርና ማይነር አለው፣ ባቲም እንዲሁ፤ የትኛውም ክራር መምህር ተማሪውን ሲያስቀኝ ለየብቻ ነው የሚያስቀኛቸው። ክሮቹን ፈትቶ እንደገና መወጠር ግድ የሚል ነገር በወረቀት ላይ አንድ ቅኝት ቢባልም በእጅ ላይ ሁለት ነው። አራቱ ለትምህርት እንዲመች የተደረገ አመዳደብ ናቸው፤ ጠቃሚ ነው፤ ቅዱስ ያሬድን ግን ምስክር መጥራት አያስፈልገውም።

ማሲንቆ የክራር ልጅ ነው የተባለውንም ቶሎ ልለፈው። ማሲንቆ ምሰሶና ቀንበር የለውም፤ አንድ እጀታ ገበቴውን በስቶ ያልፋል፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንዱ ክር በእጀታው ላይ በጣት እየተነካ በደጋን ይገዘገዛል። ቤተሰቡ ረባብ ከሚባሉት ከዓረቡ ዓለምና ከመካከለኛው እስያ መሣሪያዎች ጋር ነው። ክርን በደጋን መገዝገዝ በዓለም ላይ በጽሑፍ የሚታወቀው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ስለሆነ፣ ማሲንቆን በደጋን ከተመታ ክራር ማውጣት በአሠራርም በዘመንም አይሆንም። አዝማሪው ሁለቱንም ስለሚያውቅ ብቻ ዘመዳሞች አይሆኑም።

አሁን ወደ ጅማ። በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰዴ አይቀርም፤ ጽሑፉ እዚህ ከተማ ውስጥ ክርክር ያስነሣው በዚህ ነውና። ጸሐፊው ክራር ወደዚህ የገባው ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊትና ከተከተለው አስተዳደር ጋር ነው፣ ስለዚህም ከአካባቢው ሕዝብ ሙዚቃ ውጭ ነው ይላሉ። ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ አንድም የለም፤ ያቀረቡት «ይመስላል» ነው። እስቲ የታወቀውን እናስቀምጠው።

የጅማ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በአባ ጅፋር አንደኛ የተጠናከረ መንግሥት ነበር። ሒርማታ፣ ማለትም ይህችው ከተማችን፣ ያኔ የጊቤ አካባቢ ታላቅ ገበያ ነበረች። ከጎንደርና ከጎጃም የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች በጎጃም ባሶ ገበያ አድርገው ዓባይን ተሻግረው ወደ ጊቤ አገሮች ይወርዱ ነበር፤ ከዚህም አልፈው ወደ ካፋ ቦንጋ ይዘልቁ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ አሞሌ፣ ጨርቅ፣ ሰውም ጭምር በዚህ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። አባ ጅፋር ሁለተኛ ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ሲገዙ፣ በ1880ዎቹ ለምኒልክ ለመገበር ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ስለዚህ እንደ ሌላው አካባቢ ሠራዊት ሰፍሮበት የተተከለ አስተዳደር ጅማ ላይ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት በር ከመከፈቱ በፊት የነጋዴው በር ክፍት ነበር። በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ከአንድ ቅል ወይም ከአንድ ጎድጓዳ እንጨትና ከሁለት በትር የሚሠራ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ለመግባት የሚጠብቀው ሠራዊት ነው ብሎ ማሰብ ለነጋዴውም ለአዝማሪውም ግፍ ነው።

ይህን ክርክር ከሁሉም በላይ የሚያፈርሰው ግን ካርታው ነው። የክራር ወገን በኢትዮጵያ አያበቃም። በኡጋንዳ የባጋንዳ ሕዝብ ኤንዶንጎ አለው፤ በኬንያ ኒያቲቲና ሊቱንጉን ጠቅሻለሁ፤ የጉሲ ሕዝብ ደግሞ ድምፁ እጅግ ወፍራም የሆነ ትልቅ ኦቦካኖ አለው። እነዚህ ሕዝቦች የሚኖሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ነው። የምኒልክ ሠራዊት እዚያ አልደረሰም። መሣሪያው ከሱዳን እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ያለ ማንም ነጋሪት ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ከተሻገረ፣ በዚህ ሰፊ መስመር መካከል ያለችው ጊቤ ብቻዋን እስክትዘመት ድረስ ሳታየው ኖረች የሚለው ንግግር የማስረዳት ሸክሙ በተናጋሪው ላይ ነው። የኦሮሞ ዘፋኞች በክራርና በማሲንቆ ሲዘፍኑ የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀውም መሣሪያው በእነሱ እጅ የራሱ አመታትና ምት ይዟል፤ በእንግድነት ላይ ያለ መሣሪያ እንዲህ አይሆንም። ክራር በየትኛው ዓመት፣ በማን ትከሻ ጊቤን ተሻገረ የሚለውን ጸሐፊው የሚያሳይ ሰነድ ካላቸው ያውጡት፤ ከሌላቸው ግን ለፖለቲካ ክርክር የተዘጋጀን መልስ በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ማሳረፍ ተገቢ አይደለም።

የመጨረሻው ትልቅ ነጥብ የዛሬው ክራር ነው። ጸሐፊው የአንጀት ክር፣ የቅል ወይም የእንጨት ገበቴና ያልተሰካ ድምፅ ከሌለ ክራር የለም ይላሉ። እዚህ ላይ እንደገና ብሩስን ልጥራ፤ እሱ ስላየው ክር ሲጽፍ ከፍየልና ከበግ ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ተቆርጦ የተፈተለ መሆኑን ይገልጽና፣ ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ በደረቅ አየር እንደሚበጠስ፣ በእርጥብ አየር ደግሞ ድምፅ እንደማይሰጥ ያማርራል። በጅማ ክረምት ክራር ይዞ የተቀመጠ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ዝናቡ ሲበረታ የገበቴው ቆዳ ይላላል፣ ብርኩማው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቅኝቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዱ መድኃኒት ክራሩን ከፍም ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ይወጣና እንደገና መፍታት ይመጣል። በዚህ ላይ ውኃ የሚጠጣ ክር ከተጨመረበት ተማሪው ትምህርቱን የሚጨርሰው ሲቃኝ ነው። ናይሎን ቢያንስ የክሩን ጣጣ አስቀርቷል፤ የቆዳው ጣጣ እንዳለ ነው።

ገበቴውም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የተገኘው ነገር ነው የሚሆነው። የጅማ ጠራቢዎች በርጩማ የሚያወጡበት ዋንዛ ጥሩ የክራር ገበቴ ይወጣዋል፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ዋንዛ በጠፋበት ቅል፣ ቅል በሌለበት የብረት ሳሕን ይሆናል። ገበቴው ሳሕን የሆነ ክራር ድምፁ ይጮኻል፣ ይቆርጣልም፤ እኔም አልወደውም፤ ነገር ግን ለሠርግ ቤት ጫጫታ እሱን የመረጠ ሰው ምክንያት አለው። የምሰሶውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ብሩስ እንደሚተርከው የጥንቶቹ ምሰሶዎች ከአንድ የዱር እንስሳ ጠምዛዛ ቀንድ ይሠሩ ነበር፤ ጠመንጃ በአገሩ ሲበዛ እንስሳው እያለቀ ሄዶ ምሰሶው ከእንጨት ሆነ፤ ጠራቢዎቹ ግን እንጨቱን የቀንዱን ጥምዝ አስመስለው ይቀርጹት ነበር። ንጹሕ የተባለው የእንጨት ምሰሶ ራሱ በጊዜው ምትክ ነበር።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጸሐፊው የጻፉት በአብዛኛው ቁጣ ስለሆነ አሠራሩን ላስረዳ። የጊታር ማግኔታዊ ድምፅ መቀበያ የሚሠራው ከላዩ ላይ የሚርገበገብ ብረት ሲኖር ነው፤ ናይሎንም አንጀትም አይሰማውም። ስለዚህ ክራርን ለመሰካት የሚፈልግ ሠሪ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ የብረት ክር ይወጥራል፣ ወይ በብርኩማው ሥር ወይም በገበቴው ላይ ንዝረትን በቀጥታ የሚቀበል መቀበያ ይለጥፋል። የመጀመሪያው ድምፁን በእርግጥ ይለውጠዋል፤ ወደ ጊታር ይጠጋል፣ በግራ እጅ የማፈኑ አመታትም ቃናው ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ያው ክራር ነው፤ ከፍ ብሎ ይሰማል እንጂ። ጽሑፉ ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ፍርድ አውግዟቸዋል። በዚህችው ጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ጊዜ፣ በ2007ና 2008 (እ.ኤ.አ.)፣ ክራርን የማዘመን ሥራ ላይ መሠማራታቸው የታወቀ ነው፤ ዓላማቸውም መሣሪያው ከቅኝት ወደ ቅኝት ሲዛወር ክሮቹን ሁሉ ፈትቶ የመወጠሩን ችግር ማቃለልን ጨምሮ ሰፊ ነበር። በዚያ ሥራ መስማማት አለመስማማት ይቻላል፤ ሊቁን ክራር እንደማያውቁ አድርጎ መጻፍ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ክራር ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር በአንድ መድረክ ሲቀመጥ የሚያጣው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ተወላጁ አቀናባሪ በሐሊም ኤል ዳብህ የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያና በየቴአትር ቤቱ የነበሩት የባህል ቡድኖች ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን አብረው ሲያስቀምጡ፣ ሁሉም በአንድ መነሻ ድምፅ መስማማት ነበረባቸው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ክራሩን የሚቃኘው ለጉሮሮው ነው፤ ዛሬ ቢታመም ዝቅ፣ ነገ ቢሻለው ከፍ ያደርገዋል፤ በክሮቹ መካከል ያለውም ርቀት በፒያኖ ከሚገኘው ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል። ይህ ነፃነት በቡድን ጨዋታና በስልክ ላይ በሚገኝ መቃኛ ምክንያት እየጠበበ መሆኑን በየቀኑ አያለሁ፤ ተማሪ ጆሮውን ትቶ የመቃኛውን አረንጓዴ መብራት ነው የሚጠብቀው። ካሳ ተሰማን፣ ሜሪ አርምዴን፣ አስናቀች ወርቁን በድሮው ቅጂ የሰማ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ጸሐፊው ቁጣቸውን በናይሎኑና በመሰኪያው ላይ ከሚያባክኑት በዚህ ላይ ቢያሳርፉት ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ ከላይ ለዘረዘርኳቸው ነጥቦች ሁሉ ማሠሪያ አድርጎ «ክራርን የሚያሳይ እጅግ ጥንታዊ የብራና ሥዕል» ይጠቅሳል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ጸሐፊው የገዳሙን ወይም የቤተ መጻሕፍቱን ስም፣ የመጽሐፉን ዓይነትና ሥዕሉ ያለበትን ቅጠል ቢገልጹልን፣ ሁላችንም የምንመረምረው ነገር ይኖረናል። ሲገልጹም ሦስት ነገር አይተው ይንገሩን፤ ገበቴው ማዕዘን አለው ወይስ ክብ ነው? ክሮቹ ስንት ናቸው? የመቺው ቀኝ እጅ መግረፊያ ይዟል ወይስ ባዶ ጣት ነው? ማዕዘን ያለው፣ ባለ አሥር ክርና በባዶ ጣት የሚመታ ከሆነ፣ ያዩት በገና ነው።